የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዓለም ሲናወጥ መንደሩ ለምን ዝም ይላል?

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ሐሳብ ላይ ይገናኛሉ። ጦርነቱ፣ የባሕሩ መንገድ፣ የዶላሩ ነገር ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማል፤ ቁጭ ብሎ የሚከራከርበት ሰው ግን ጠፋ ይላሉ። የተወሰኑትን መርጠን መልሰናል፤ ረዘም ያሉትን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ሻይ ቤት ስገባ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚከራከር ሰው አገኛለሁ። ያንኑ ሰው ስለ ሱዳን ጦርነት ወይም ስለ ቀይ ባሕር ሳነሳበት «ተወው ባክህ፣ ምን እናመጣለን» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሕዝባችን ምን ነካው? እንዲህ ግድ የለሽ የሆነውስ ከመቼ ወዲህ ነው?
(መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መምህር፣ ግድ የለሽ ነው ብለው ከመፍረድዎ በፊት ያንን ስለ ኳስ የሚከራከር ሰው ደግመው ያዳምጡት። የዛሬ ሦስት ዓመት ውጤት ያስታውሳል፣ ማስረጃ ይጠቅሳል፣ የሌላውን ነጥብ ሰምቶ መልስ ይሰጣል፣ ሲረታም «እሱስ ልክ ነህ» ይላል። የመከራከር ችሎታው ሙሉ ነው። በኳሱ ጉዳይ ሁሉም ያንኑ ጨዋታ በዓይኑ አይቷል፣ ሕጉን ሁሉም ያውቃል፣ ተረትቶ ቢገባም ማንም ምንም አይለውም። የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። አንዱ ቴሌግራም ላይ ሁለት መስመር አንብቧል፣ ሌላው ርዕሱን ብቻ ሰምቷል፣ ሦስተኛው በጄኔራል ቡርሃን የሚመራው ጦርና በሄሜቲ የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. መዋጋት እንደጀመሩ እንኳ አልደረሰውም። በማያውቀው ነገር አደባባይ ላይ አፉን ከፍቶ መሳቂያ መሆን ማን ይፈልጋል? «ምን እናመጣለን» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «አላውቀውም» ማለት ነው፤ በክብር የተነገረ ብቻ ነው።

ዝምታው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። የማያውቅ ሰው ካርታ ቢያሳዩት ይጠይቃል። የደከመው ሰው «ዜና መስማት ትቻለሁ» ይላል። የፈራው ሰው ብቻውን ሲሆን ያወራል፣ ሦስተኛ ሰው ሲመጣ ወሬ ይቀይራል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በሻይ ቤት ሳይሆን በመንገድ ላይ፣ ለብቻው፣ «ዘይት ለምን የተወደደ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት። የሚፈራውን ሰው አደባባይ ላይ አይጫኑት። አካባቢያችን በነዚህ ዓመታት ጦርነት አይቷል፣ በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የታወጀውን አስቸኳይ ጊዜ አዋጅም አሳልፏል፤ ቃሉን የሚቆጥብ ሰው ምክንያት አለው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ሲባል ያደገ ሰው ነው።

ይህ አገር የዓለምን ነገር ከሩቅ ሲሰማ ብቻ የኖረ እንዳልሆነ ለተማሪዎችዎ ቢያሳዩ ይጠቅማል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲፈራረሙ፣ ከአንኮበር በታች ያለው የአልዩ አምባ ገበያ የአፋርን ጨውና የሐረርን ነጋዴ ያስተናግድ ነበር። ንጉሡ ጠመንጃ ይፈልጋሉ፣ እንግሊዝ የንግድ መንገድ ትፈልጋለች። ክፍሉን ለሁለት ይክፈሉትና «ውሉ ለሸዋ ይጠቅማል፣ አይጠቅምም» ብለው ያከራክሩት። 42 ደቂቃ ይበቃል፦ 10 ደቂቃ ሁሉም ያንኑ አንድ ገጽ ያነባል፣ ለያንዳንዱ ወገን 8 ደቂቃ፣ ከዚያ ወገን ቀይረው ሌላ 8፣ 8 ደቂቃ። ወገን መቀየሩን አይዝለሉት። ተማሪው የራሱን ሐሳብ ብቻ ሲከላከል ግትርነት ይማራል፤ የሌላውንም ሲሟገትለት ነው የሐሳብን ጥንካሬና ድክመት የሚለየው። ይህን ከለመዱ በኋላ ወደ ቀይ ባሕር ይሻገሩ።

ጥያቄ፦ ስንዴና ባቄላ አርሳለሁ። ልጄ ከከተማ እየመጣ ስለ ዩክሬን ጦርነት፣ ስለ ቀይ ባሕር ያወራብኛል። እኔን ምን አገባኝ? ዝናቡ ከጣለ፣ ማዳበሪያው ከመጣ ይበቃኛል።
(አርሶ አደር፣ ከደነባ)

መልስ፦ አባታችን፣ ማዳበሪያው ከመጣ ያሉት ቃል ውስጥ ልጅዎ የሚያወራው ሁሉ አለበት። ዩሪያ የሚሠራው ከአየር ከሚገኝ ናይትሮጅንና ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዙ ማገዶም ጥሬ ዕቃም ስለሆነ ከፋብሪካው ወጪ አብዛኛውን የሚወስደው እሱ ነው። አውሮፓ ከጦርነቱ በፊት ከውጭ ከምታስገባው ጋዝ ከ40 በመቶ በላይ የሚመጣው ከሩሲያ ነበር። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ቀድሞም መናር የጀመረው የጋዝ ዋጋ ጣሪያ ነካ፣ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ማምረት ቀነሱ። ሩሲያ ራሷ ከትልልቆቹ ማዳበሪያ ሻጮች አንዷ ናት። ቻይናም ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ወደ ውጭ የምትልከውን ገድባ ነበር። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በዓለም ገበያ 350 ዶላር ያልሞላው አንድ ቶን ዩሪያ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ከ900 ዶላር በላይ ገባ።

ልጅዎ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ አብሮዎት ያስላ። አንድ ቶን 10 ኩንታል ነው። ቶኑ 500 ዶላር ነው እንበል፤ ኩንታሉ 50 ዶላር ሆነ። ዶላር 57 ብር ሲመነዘር 50 ዶላር 2,850 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ125 ብር ካሰሉት ያው 50 ዶላር 6,250 ብር ይሆናል። ዩሪያው አልተወደደም፤ ብሩ ነው የረከሰው። በዚህ ላይ የመርከብ፣ የጅቡቲ ወደብ፣ የከባድ መኪና ኪራይ ይጨመራል፤ መንግሥት የሚደጉመው ካለ ይቀነሳል። ስለዚህ ዋጋው በጨመረ ቁጥር «ጭማሪው ከዓለም ዋጋ ነው፣ ከምንዛሪ ነው፣ ከትራንስፖርት ነው ወይስ ከድጎማ መቀነስ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ይህን የሚጠይቅ ገበሬ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ «ለምን ተወደደ?» ብሎ ከሚጮኸው የተሻለ መልስ ያገኛል፤ የሚመልሰው ሰው አንዱን መርጦ ማስረዳት አለበትና።

የቀይ ባሕሩ ጉዳይ ኤን ፒ ኤስ በሚባለው ማዳበሪያ ይገባዎታል። ከሞሮኮ የሚገዛው በሜዲትራኒያን ገብቶ፣ ስዊዝን አልፎ፣ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በሚሰፋው ባብ ኤል መንደብ በኩል ነው ጅቡቲ የሚደርሰው። የየመን ሁቲዎች ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ከያዙ በኋላ ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች ያንን ትተው አፍሪካን በደቡብ መዞር ጀመሩ። ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚሄደው መርከብ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ተጨመረበት። ነዳጅ፣ ኢንሹራንስና የመርከብ ኪራይ አብረው ወጡ። ማዳበሪያ ደግሞ ከዘር ወቅት ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ቢመጣ ለሰኔው እርሻ እንዳልመጣ ይቆጠራል።

አሁን ከጎረቤትዎ ጋር የሚከራከሩበት ጥያቄ ይኸውልዎ፦ «ዩሪያ በዚህ ዋጋ ከቀጠለ፣ ከአራት ጥማድ ስንቱን ለባቄላ እንተው? ኩበቱስ ይነደድ ወይስ ማሳ ይግባ?» ባቄላ ናይትሮጅን ከአየር ስለሚይዝ ለቀጣዩ ስንዴ ይተርፋል፤ ግን ቆርምድ የሚባለው በሽታ ከገባበት ባቄላውም የለም። ኩበቱ ማሳ ቢገባ አፈሩ ይጠግባል፤ ግን ሚስትዎ በምን ትጋግር? ለዚህ አንድ ትክክለኛ መልስ የለውም። ባሕር ዛፍ ያለውና የሌለው፣ ከብት የበዛለትና ያነሰበት ለየቅል ይመልሳሉ። በጋዝና በመርከብ የተጀመረው ነገር ጓሮዎ መድረሱን ልጅዎም ይየው፤ እሱም እኮ የማገዶውን ጉዳይ አላሰበበትም ይሆናል።

ጥያቄ፦ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። አባላቱ 60 ነን። በወሩ ስብሰባ መጨረሻ ላይ ግማሽ ሰዓት ስለ ዓለምና ስለ አገር ጉዳይ ውይይት እንጀምር ብለን ሞከርን። መጀመሪያ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ተናገሩ፣ በሁለተኛው ጠብ ሊነሳ ነበር፣ በሦስተኛው ሰው ተነሥቶ ሄደ። ምን አጠፋን?
(የእድር ጸሐፊ፣ ከእነዋሪ)

መልስ፦ የደረሰባችሁ እንዲህ ዓይነት ውይይት የጀመረ ሁሉ የሚያጋጥመው ነው፤ ሦስቱም ችግሮች መፍትሔ አላቸው።

ከቁጥሩ ይጀምሩ። 60 ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይናገር ቢባል ለአንድ ሰው የሚደርሰው 30 ሰከንድ ነው። ስለዚህ የሚናገሩት የለመዱት ብቻ ይሆናሉ። የእድሩ ጉዳይ ካለቀ፣ መዋጮው ከተሰበሰበና ቅጣቱ ከተጻፈ በኋላ፣ መሄድ የሚፈልገው ይሂድ፤ በፈቃዱ የቀረ 12 ሰው ይበቃል። ለያንዳንዱ 3 ደቂቃ ሲሰጥ 36 ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው ከቀረ ሁለት ክብ ይሥሩ። ክብ ያልነው በምክንያት ነው፤ ፊት ለፊት ጠረጴዛ፣ ኋላ ወንበር ከሆነ ስብሰባ ይሆንና ሰው መግለጫ ጠባቂ ይሆናል። ለቅሶ ቤት፣ መጠጥ ያለበት ቦታ፣ ሰው ለመሄድ የሚቸኩልበት የገበያ ቀን አይሁን።

«ስለ ወቅታዊው የዓለም ሁኔታ እንወያይ» የሚል ጥያቄ ክርክርን ይገድላል። ሰው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም፣ የሚያውቀው ደግሞ ንግግር ያደርጋል። ጥያቄው አንድ ክስተት፣ አንድ ቦታና አንድ ውሳኔ ይኑረው። ለምሳሌ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም አዘዙ፤ ከወራት በኋላም ርዳታውን ሲያስተዳድር የኖረው መሥሪያ ቤት ተዘጋ። ከዚህ «በወረዳችን ጤና ጣቢያ ከመድኃኒትና ከባለሙያ ምን የጎደለ አለ? እድሩ ሊሸፍን የሚገባው ነገር አለ ወይስ የለም?» የሚል ጥያቄ ይወጣል። «አለ» የሚልና «የለም፣ የእድር ገንዘብ ለቀብር ነው» የሚል ወዲያው ይፈጠራል። ክርክሩ እዚያ ነው ያለው።

ከዚያ ሁሉም ያንኑ ነገር ይስማ። ግማሽ ገጽ ወረቀት፣ ከሁለት የተለያዩ ምንጮች የተወሰደ፣ ቀን ያለበት፣ ቅጽል ያልበዛበት ይሁን። ድምፁ የሚሰማ ሰው ሁለቴ ያንብበው። ማንበብ የማይችል አባል እንዳይሸማቀቅ ወረቀቱን ለማንም አታድሉ። ይህ 5 ደቂቃ ካልተሰጠ ቀሪው 36 ደቂቃ «አይደለም እኮ፣ የሰማሁት ሌላ ነው» በመባባል ያልቃል።

ሽማግሌዎቹ ብቻ የተናገሩት የተራው ቅደም ተከተል ስለተበላሸ ነው። ትልቅ ሰው ቀድሞ ከተናገረ ከሱ በኋላ ያለው ወይ ይደግማል ወይ ዝም ይላል፤ ነውር ነውና። በድሮው የዙፋን ችሎት ሐሳብ የሚሰጠው ከታናሹ ጀምሮ ወደ ላይ ነበር፤ ታናሹ የታላቁን ፊት አይቶ እንዳይፈርድ። እናንተም ከወጣቱ ጀምሩ፣ ሽማግሌው ያሳርጉ። ክብሩም አይነካም፣ የመጨረሻው ቃል የእርሳቸው ነውና። ሴቶች ካሉ ቡናው ከውይይቱ በኋላ ይፈላ። ክርክሩ ሲሞቅ ጓዳ የሚገባው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ተመልሳ ስትመጣም ነገሩ አልቋል።

የሚመራው ሰው ዳኛ ነው፤ የራሱን ሐሳብ አይናገርም። ዋና ሥራው ሦስቱን ደቂቃ በስልክ ማንቂያ መያዝ ነው፤ ለባለሥልጣንም ለቄስም ለባለሀብትም እኩል ይጩህ። ሁለተኛው ሥራው አንድ ሰው ሌላውን ከመቃወሙ በፊት «አንተ ያልከው ይህን ይህን ነው፣ ልክ ነኝ?» ብሎ እንዲደግም ማድረግ ነው። ያኛው «አዎ» ካላለ መቃወም የለም። መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፣ ጊዜም ይበላል፤ ግን ከሚነሣው ጠብ አብዛኛውን የሚያስቀረው ይህ ነው። በላ ልበልሃ ይሟገቱ የነበሩ አባቶች የሌላውን ቃል ሳይይዙ አንድ እርምጃ አይሄዱም ነበር።

ጠቡን የሚያነሣው ሌላው ነገር «እነሱ» የሚለው ቃል ነው። አንድ ደንብ ይኑራችሁ፦ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት መንግሥት፣ መሥሪያ ቤት፣ ድርጅት ወይም ሹመት ይሁን፤ ሕዝብ፣ ብሔር ወይም ሃይማኖት አይሁን። «አሜሪካ ርዳታ አቆመች» የሚለው «ፕሬዚዳንቱ በትእዛዝ አስቆሙ» ሲባል ማን ምን እንዳደረገ ይለያል። አንድ ሰው «እነ እንትና እኮ ድሮም» ብሎ ሲጀምር ዳኛው «ማን? የትኛው መሥሪያ ቤት?» ብሎ ብቻ ይጠይቅ። ከርዕሱ ውጭ የአካባቢ ቁስል ከተነሣ አይከልክለው፣ አያስቀጥለውም፤ «ይህ ራሱን ችሎ ይምጣ» ብሎ በሰውየው ፊት መዝገብ ላይ ይጻፈው። ካልተጻፈ አፈና ይመስላል።

ስልክ መቅዳት ክልክል ይሁን፤ ሲጀመር በቃል ይነገር፣ ስልኮች ይቀመጡ። ሰው ቃሉ ነገ ቲክቶክ ላይ እንደማይወጣ ካላመነ የሚናገረው ማንም የማይጠላውን ብቻ ነው። የተናጋሪ ስምም አይመዝገብ።

በሦስተኛው ወር ሰው የሄደው ከሁለቱ ስብሰባዎች ምንም ስላልወጣ ነው። ድምፅ አትስጡ፤ ድምፅ ሲሰጥ ተሸናፊ ይፈጠራል፣ ተሸናፊ ደግሞ በሚቀጥለው ይቀራል። ይልቅ መዝገቡ ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ የተስማማንበት፣ ያልተስማማንበት፣ መልሱን ያላገኘነው። ለሦስተኛው አንድ ሰው ይመደብ፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚጠይቅ፣ ወይም የኅብረት ሥራውን ሒሳብ ሹም የሚያናግር። የሚቀጥለው ወር ውይይት የሚጀምረው ይህ ሰው ባመጣው መልስ ይሁን። መልስ ያመጣ ሰው ያለበት ስብሰባ አይበተንም። የመንዝ ሰዎች ጓሳ የተባለውን የጋራ የሣር ምድር ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁ ሣሩ መቼ ይከፈት፣ መቼ ይዘጋ የሚለውን የሚመክሩት ከምክሩ በኋላ የሚከፈት ወይም የሚዘጋ ነገር ስለነበረ ነው።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ክርክር ስንጀምር አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያሳያል፤ ከዚያ ሁሉም ይጮሃል ወይ ዝም ይላል፣ ክርክሩም ያበቃል። እውነተኛውን ከሐሰተኛው እንዴት እንለይ?
(ተማሪ፣ ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ እህታችን፣ ቪዲዮው እውነት ነው ወይስ ሐሰት ከሚለው በፊት «መቼ? የት?» ብለሽ ጠይቂ። አብዛኛው አሳሳች ቪዲዮ የተፈበረከ አይደለም፤ እውነተኛ ሆኖ የሌላ ዓመት ወይም የሌላ አገር ነው።

ቪዲዮውን ሕንጻ፣ ታርጋ ወይም የሱቅ ጽሑፍ በደንብ የሚታይበት ቦታ ላይ አቁሚና የስክሪኑን ፎቶ አንሺ። በጉግል መተግበሪያ የካሜራውን ምልክት ነክተሽ ፎቶውን አስገቢ። የሚመጣው ውጤት ብዙ ስለሚሆን በመጀመሪያው አትተማመኚ፤ የቆየ ቀን ያለውን ፈልጊ። ትናንት ተደረገ የተባለው ምስል ከሁለት ዓመት በፊት ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ምንም ካልተገኘ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ሌላ ቦታ ላይ ቪዲዮውን አቁመሽ ሁለት ሦስቴ ሞክሪ። ቀጥሎ ጽሑፉን እይ፦ ካርቱም ነው ከተባለ ምልክቶቹ በዐረብኛ መሆን አለባቸው። የአየሩን ሁኔታና የሰዉን ልብስ ከተባለው ወር ጋር አስተያዪ። ቴሌግራም ላይ ከሆነ ከላይ ከየት እንደተላለፈ ያሳያል፤ እሱን ተከትለሽ ወደ መጀመሪያው ቻናል ሂጂ። ድምፅ ብቻ የሆነ ቅጂ፣ «አንድ ውስጥ አዋቂ እንደነገረኝ» የሚል፣ በዚህ መንገድ አይጣራም፤ ለክርክር ማስረጃ አይሁን ብላችሁ ተስማሙ።

በጨለማ ሚሳኤል ሲተኮስ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ላይ ተጠንቀቁ። አርማ 3 ከተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ የተቀዱ ምስሎች የዩክሬን፣ በኋላም የጋዛ ጦርነት ተብለው በዓለም ዙሪያ ተሠራጭተዋል፤ የጨዋታው አምራች ኩባንያ ራሱ እንዴት እንደሚለዩ መግለጫ እስከ ማውጣት ደርሷል። የሚንቀጠቀጥ ካሜራ፣ ጨለማና ሰው የማይታይበት ምስል ከሆነ ቆም ማለት ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ምስል ደግሞ ዛሬ በምስሉ ያለውን ሰው ጣት በመቁጠር አይለይም፤ ማን አወጣው፣ ሌላ ማን ዘገበው የሚለው ይበልጣል።

ያሳየውን ሰው ግን በሰው ፊት አታሳፍሪው። «ይህን አሥር ደቂቃ እናጣራውና እንመለስበት» በይ፤ እሱም አብሮ ያጣራ። የተዋረደ ሰው ሐሰቱን ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። ያልተጣራውንም አታስተላልፊ፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ያሠራጨውንም ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ዜና ስሰማ ሆዴ ይታወካል፣ እንቅልፍ አጣለሁ። መስማቱን ተውኩት። ልጆቼ ሲጠይቁኝ ግን የምመልሰው የለኝም።
(እናት፣ ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እናታችን፣ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮና ስልክ ከፍቶ መዋል ያው ዜና አሥር ጊዜ ያሰማዎታል፤ እውቀት ሳይጨምር ጭንቀት ይጨምራል። ጨርሶ መተው ደግሞ ለወሬ ያጋልጣል። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከእራት በፊት፣ 20 ደቂቃ ይበቃል። ምንጭዎ ቀንና ቦታ የሚናገር ይሁን፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰማው የዶቼ ቬለ የአማርኛ ፕሮግራም አንዱ ነው፣ አንድ የአገር ውስጥ ጣቢያ ይጨምሩበት። ከመኝታ በፊት የጦርነት ምስል አይዩ።

ልጆች ሲጠይቁ መልስ ማወቅ ግዴታ አይደለም። «አንቺስ ምን ሰማሽ? ከማን?» ብለው ይጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስፈራቸው ከዜናው የባሰ ከጓደኛ የሰሙት ነው። ለሕፃኑ ቦታውን በካርታ ማሳየትና «ከእኛ ይህን ያህል ይርቃል» ማለት ይበቃል። አሥር ዓመት ያለፈው ግን «ለምን ይዋጋሉ?» ሲል «አንደኛው ወገን ይህን ይላል፣ ሌላው ይህን ይላል፣ አንተስ?» ይበሉት። ተሳስቶም ቢሆን ምክንያቱን ይናገር፤ አያቋርጡት።

ጥያቄ፦ ወጣቶች ተሰብስበን ስለ አገርና ስለ ዓለም ጉዳይ ብንወያይ ፈቃድ ያስፈልገናል? አንዳንዱ ያስፈልጋል ይላል፣ አንዳንዱ ሕገ መንግሥቱ ፈቅዷል ይላል።
(ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ሐሳብን የመግለጽ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29፣ የመሰብሰብ መብት በአንቀጽ 30 ተደንግጓል። የአሠራሩን ነገር የያዘው ደግሞ የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። አዋጁ የሚለው ፈቃድ ሳይሆን ማሳወቅ ነው፦ ሕዝብ የሚጠራበት የፖለቲካ ስብሰባ ከመደረጉ ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው ወይም ለወረዳው አስተዳደር በጽሑፍ ይቀርባል። ጽሑፉ የስብሰባውን ዓላማ፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የአዘጋጆቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይይዛል። ጽሕፈት ቤቱ ቦታው ወይም ጊዜው ይለወጥ ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ ለአዘጋጆቹ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት።

ከጓደኛ ጋር ቤት ውስጥ መጨዋወት ሌላ ነው። አዳራሽ የምትጠይቁ፣ ማስታወቂያ የምትለጥፉ ከሆነ ግን ደብዳቤውን ጻፉ። አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሥራ ላይ ከሆነ ስብሰባ ሊገደብ ስለሚችል መጀመሪያ ያንን አጣሩ። ርዕሱን ግልጽ አድርጋችሁ ጻፉ፤ «ውይይት» ብቻ ካላችሁ ጥርጣሬ ይፈጥራል፣ «የቀይ ባሕር የመርከብ መስመርና የማዳበሪያ ዋጋ» ካላችሁ ግን የሚጠይቃችሁም ሰው ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የተቀበለው ሠራተኛ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ይፈርምበት፣ ማኅተምም ያሳርፍበት። 48 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ነው።